ፏፏቴና አደይ አበባ በአንድ ፎቶ፦ የጎጃም መስከረም ለምን አልነሳ ይላል?

መስከረም ሲጠባ ስልኬ በፎቶ ይጥለቀለቃል። ጓደኞቼ ከጢስ አባይ፣ ከጮቄ፣ ከአዊ ይልኩልኛል። «ይቺን እያት እስኪ» ይላሉ። አያለሁ። ከፊት ያለው አደይ አበባ ብዥ ብሏል። ወይም አበባው ጥርት ብሎ ወጥቶ ፏፏቴው የተሰጣ ነጭ አንሶላ መስሏል። ወይም ሁለቱም ደህና ሆነው ሰማዩ ተቃጥሏል፤ ብርሃን በዝቶበት ነጭ ብቻ ሆኗል። ቀጥሎ መልእክት ይመጣል፦ «በዓይኔ ያየሁትና ፎቶው ላይ የወጣው አይገናኝም። ካሜራዬ ነው እንዴ ችግሩ?»

ይህን ብዙ ጊዜ ስለተጠየቅኩ ዛሬ በደንብ ላስረዳ። ጉዳዩ የጊዜ ነው። ውሃውና አበባው ጎን ለጎን ቢቆሙም ከካሜራው የሚፈልጉት ጊዜ ይለያያል። ጊዜ ስል ደግሞ ወሩንም፣ ሰዓቱንም፣ ካሜራው ዓይኑን ገልጦ የሚከድንበትን ቅጽበትም ማለቴ ነው።

ከወሩ ልጀምር። ውጭ አገር የተጻፈ የፎቶ ምክር «በጸደይ ውጡ» ይላል። እነሱ ጸደይ የሚሉት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውን ነው። ያኔ በረዷቸው ቀልጦ ወንዙ ይሞላል፣ ሜዳው ያብባል። ጎጃም ላይ በመጋቢት ብትወጡ የሚቀበላችሁ አቧራና ደረቅ ሣር ነው። በቤተክርስቲያን አቆጣጠርም ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። የአበባው ወቅት መጸው ይባላል፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25። በውስጡ ያለው ዘመነ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ይቆያል። በተለምዶ ግን ብዙዎቻችን መስከረምን ጸደይ እንለዋለን። በስሙ አንጣላም። ለፎቶ የሚፈለገው ዘመን ከተለወጠበት ቀን ጀምሮ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለው ነው። አደይ አበባ እንደ መስቀል ወፍ ነው፤ ካመለጣችሁ ለከርሞ።

ውሃውም የራሱ ቀጠሮ አለው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጢስ አባይን ለማየት ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ይጓዛሉ። ዝናቡ ሲበዛ ፏፏቴውም የሚበዛ ይመስላቸዋል። አባይ ግን ጢስ አባይ ከመድረሱ በፊት ከጣና ነው የሚወጣው። ጣና ደግሞ እንደ ትልቅ ጋን ነው። ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ክረምቱን ሙሉ ቀስ እያለ ይሞላል። ጢም የሚለው ዝናቡ እያባራ ሲመጣ፣ ወደ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ሰማዩ ከጠራ በኋላም ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ ብዙ ነው። ከጮቄ የሚወርዱት ትንንሽ ጅረቶች ጋን የላቸውም። ዝናቡ ሲቆም በሳምንታት ውስጥ ይቀጥናሉ። የኔ ምክር ቀላል ነው። መስከረም መጀመሪያ ላይ ትንንሾቹን ፏፏቴዎች አንሱ፤ ጢስ አባይን ለመስከረም መጨረሻ አቆዩት።

ጢስ አባይ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ቁመቱ ከ40 ሜትር ይበልጣል። ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል ይባላል። ሁልጊዜ ግን አይሞላም። የመጀመሪያው የጢስ አባይ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 (ቀጥለው ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) ሥራ ሲጀምር 11.4 ሜጋ ዋት ብቻ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ጣና መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ ተሠርቶ የውሃው መጠን በሰው እጅ ገባ። በ2001 ሁለተኛው ማመንጫ 73 ሜጋ ዋት ይዞ መጣ። ለሁለቱም ውሃው የሚጠለፈው ከፏፏቴው በላይ ነው። በ2010 ደግሞ 460 ሜጋ ዋት ያለው ጣና በለስ ተከፈተ። እሱ ከሐይቁ የሚወስደው ውሃ በዋሻ አልፎ ወደ በለስ ስለሚሄድ ጭራሽ ወደ ጢስ አባይ አይደርስም። መብራቱ ያስፈልገናል፤ ይህ ክርክር የለውም። ከመንገዳችሁ በፊት ግን ባሕር ዳር ያለ አስጎብኚ ጋ ደውላችሁ «ውሃው እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በበጋ ሄደው ቀጭን ክር አይተው የተመለሱ ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ ካሜራው እንግባ። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው።

ካሜራ ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ አለው። ባለሙያዎች ሻተር ስፒድ ይሉታል። ሰከንድን በ500 ብትከፍሉት የአንዷ ክፋይ ጊዜ በጣም አጭር ነው። በዚያች ቅጽበት የሚንቀሳቀስ ነገር ባለበት ደርቆ ይቀራል። ጊዜው ግማሽ ሰከንድ ከሆነ ግን የሚንቀሳቀሰው ሁሉ መንገዱን እየሳለ ያልፋል።

በጢስ አባይ እንየው። ከ40 ሜትር በላይ የሚወድቅ ውሃ፣ አየሩ ባያግተው፣ ታች ሲደርስ በሰከንድ 29 ሜትር ገደማ ይምዘገዘጋል። በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው፤ በደህና አስፋልት የሚበር መኪና ፍጥነት። በ1/500 ሰከንድ ውስጥ ውሃው ስድስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከሩቅ ሲታይ ስድስት ሴንቲ ሜትር ምንም አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ፍንጣሪ ጎልቶ ይወጣል። በ1/60 ሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ይሄዳል። መደብዘዝ ይጀምራል። በግማሽ ሰከንድ 14 ሜትር ይወርዳል። ያኔ ፍንጣሪ የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ተዋህዶ እንደ ወተት ይፈስሳል። የምታዩዋቸው ለስላሳ፣ ሐር የመሰሉ የፏፏቴ ፎቶዎች የተነሱት እንዲህ ነው።

አበባውስ? አደይ አበባ ቀጭን አገዳ ላይ ነው የሚቆመው። ትንሽ ነፋስ ይበቃዋል። ከቅርብ ሲነሳ ደግሞ የግማሽ ሴንቲ ሜትር እንቅስቃሴ እንኳ ፎቶው ላይ ትልቅ ነው። ጥርት ብሎ እንዲወጣ ቢያንስ 1/125፣ ነፋስ ካለ 1/250 ይፈልጋል። ውሃው ግማሽ ሰከንድ ይላል፣ አበባው 1/250 ይላል። በመካከላቸው ከመቶ እጥፍ በላይ ልዩነት አለ። ካሜራው ደግሞ ለአንድ ፎቶ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠው። ጓደኞቼ የሚልኩልኝ ብዥታ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ነገሩን የሚያከብድ ሁለተኛ ጉዳይ አለ፤ ጥራቱ እስከ የት ይደርሳል የሚለው። እናቶቻችን ክር መርፌ ውስጥ ሲያስገቡ ዓይናቸውን ጠበብ ያደርጋሉ። ሲጠብ ይጠራል። ሌንስም እንደዚያው ነው። ቀዳዳውን ስታጠቡት ቅርብ ያለውም ሩቅ ያለውም አብሮ ይጠራል። ይህ ቀዳዳ አፐርቸር ይባላል። ቁጥሩ ግራ ያጋባል፤ ትልቅ ቁጥር ማለት ጠባብ ቀዳዳ ነው። ኤፍ 11 ከኤፍ 4 በጣም ይጠብባል። ግን ቀዳዳው ሲጠብ የሚገባው ብርሃን ያንሳል፣ ብርሃኑ ሲያንስ ጊዜው ይረዝማል፣ ጊዜው ሲረዝም አበባው ይንቀሳቀሳል። አንዱን ስትይዙ ሌላው ያመልጣል።

ማጥበብም ገደብ አለው። ባለ ሙሉ ፍሬም (ብርሃን የሚቀበለው ክፍሉ ትልቅ የሆነ) ካሜራ በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስና በኤፍ 11 ወደ አንድ ሜትር ከሰባ አምስት ላይ ብታተኩሩ፣ ከ90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ አድማስ ያለው ሁሉ ጥርት ይላል። በጣም ጥሩ ነው። አበባችሁ ግን ሌንሱ አፍንጫ ሥር፣ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሆነ አይደርስለትም። እስከ ኤፍ 22 ብታጠቡት ደግሞ ብርሃኑ በጠባቧ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ይበተንና ፎቶው በሙሉ ይለሰልሳል። እኔ ከኤፍ 16 አላልፍም።

ሦስተኛው አይኤስኦ ነው፤ ካሜራው የገባለትን ብርሃን ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስነው ቁጥር። ይህን ቶሎ ልለፈው። ራቅ ያለ የሬዲዮ ጣቢያ ድምፁን ስትጨምሩለት ሽሽታውም አብሮ ይጨምራል አይደል? አይኤስኦ ያ ነው። ጨለማን ያበራል፣ ፎቶውን ግን ያሻክረዋል። 100 ላይ ንጹሕ ነው። 1600 ላይ በደህና ካሜራ ምንም አይልም።

ታዲያ ምን ይደረጋል? መልሱን የሰጡኝ አንድ ገበሬ ናቸው።

ቡሬ አካባቢ አንዲት ጅረት አለች። ውሃዋ ከሁለት ሰው ቁመት በማይበልጥ ድንጋይ ላይ ይወርዳል። ሰፈሩ «ፏፏቴዋ» ብቻ ነው የሚላት። ዳር ዳሩን አደይ አበባ ከብቧታል። ከዚያ በላይ ያለው ተዳፋት የኑግ ማሳ ነው። ቀኑ መስከረም ሊያልቅ ጥቂት የቀረው ነበር። አራት ሰዓት ላይ ደርሼ ትራይፖዴን (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያዬን) ተከልኩ። ጭቃው ዋልካ ስለሆነ ማዳበሪያ አንጥፌ በሆዴ ተኛሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ አነሳሁ። አንድም የቆመ አበባ አላገኘሁም። ነፋሱ ጋብ ሲል ጠብቄ ስጫን፣ መልሶ ይመጣል።

ገበሬው ከላይ ሆነው ያዩኝ ነበር። ወረድ ብለው ሰላም አሉኝ።

«ምን ጠፍቶብህ ነው ልጄ?»

«አበባው አልቆም አለኝ አያ። ነፋሱ አስቸገረኝ።»

ሳቅ አሉ። «ነፋስማ አሁን ነው የሚነሳው። እኛ እህል የምናዘራው ለምን ከሰዓት ይመስልሃል? ጠዋት ብናዘራ ገለባው እግራችን ላይ ይወድቃል። ነገ ወፍ ሳይንጫጫ ና። ቅጠል አይነቃነቅም።»

በማግሥቱ 12 ሰዓት ከመሆኑ በፊት ደረስኩ። እውነታቸውን ነው። ጤዛው አበባው ላይ ተኝቷል። እያንዳንዱ ቅጠል ጫፉ ላይ አንድ ጠብታ ይዟል። ጠብታው ውስጥ ፏፏቴዋ ተገልብጣ ትታያለች። ንብ እንኳ ገና አልወጣም። ምንም አይነቃነቅም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሌሊቱን መሬቱ ይቀዘቅዛል። በላዩ ያለው አየርም ቀዝቅዞ ይከብድና ይረጋል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው አየሩ መነሳት ይጀምራል፣ ሌላው አየር በቦታው ይሮጣል፣ ነፋስ ይሆናል። ከሰዓት ላይ ይበረታል። አውድማ ላይ ያደገ ሰው ይህን ያለ ማንም አስተማሪ ያውቀዋል። እኔ ብዙ የፎቶ ትምህርት አንብቤ አውድማውን ረስቼው ነበር።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ትልቅ ፏፏቴ የራሱን ነፋስ ይሠራል። የሚወድቀው ውሃ አየሩን እየገፋ ይወርዳል። ስለዚህ ጢስ አባይ ሥር፣ ጢሱ በሚደርስበት ቦታ ያለ አበባ ጠዋትም ማታም አያርፍም። እዚያ የቆመ አበባ አትፈልጉ። ራቅ በሉ፣ ከፍ ካለው ማዶ ሆናችሁ አንሱ።

ያን ጠዋት ቡሬ ላይ ያደረግኩትን በቁጥር ላስቀምጠው። መጀመሪያ ትኩረቱን ፏፏቴዋ ላይ አድርጌ በግማሽ ሰከንድ፣ በኤፍ 11፣ በአይኤስኦ 100 አነሳሁ። ውሃው ሐር ሆነ። ከዚያ ካሜራውን ንክች ሳላደርግ ትኩረቱን ብቻ ወደ አበባው መለስኩ። በ1/125 ሰከንድ፣ በኤፍ 5.6፣ በአይኤስኦ 1600 አነሳሁ። የሁለቱም የብርሃን መጠን እኩል ነው። ጊዜው 64 እጥፍ ገደማ አጠረ፤ ቀዳዳውን በማስፋት አራት እጥፍ፣ በአይኤስኦ 16 እጥፍ ተካካሰ። አራት ጊዜ 16 ደግሞ 64 ነው። ቤት ገብቼ ሁለቱን በፎቶሾፕ ደራረብኳቸው። ውሃውን ከመጀመሪያው፣ አበባውን ከሁለተኛው ወሰድኩ። አየሩ ጸጥ ብሎ ስለነበር ስፌቱ አይታወቅም።

«ይሄ ማታለል አይደለም ወይ?» የሚለኝ አለ። በቁም ነገር የማስብበት ጥያቄ ነው። የኔ መስፈርት ይህ ነው፦ ቦታው አንድ፣ ጠዋቱ አንድ፣ ካሜራው ሳይነቃነቅ። ያኔ ዓይኔ ያየውን ነው የመለስኩት። ዓይን አበባውንና ውሃውን በየተራ ያያል፤ ሁለቱንም አጥርቶ ያያል። ከጮቄ የተነሳ አበባ አምጥቶ ጢስ አባይ ሥር መለጠፍ ግን ውሸት ነው። ፎቶውን አይቶ የሚመጣው ሰው ያንን አበባ ፈልጎ ያጣዋል። ቦታውን የሚያውቀው ገበሬም ያፍርብናል።

ስልክ ብቻ ያላችሁ አትከፉ። እንዲያውም በአንድ ነገር ስልክ ይበልጣል። የስልክ ካሜራ ውስጧ ትንሽ ስለሆነ ቅርቡንም ሩቁንም አብሮ ያጠራል። አበባው ላይ ተጠግታችሁ ሰፊውን ሌንስ ብትጠቀሙ ፏፏቴውም ደህና ይወጣል። የሚቸግረው ጊዜውን ማርዘም ነው። የብዙ ስልኮች ቀዳዳ አይጠብም። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ ወይም ደመና ሲሆን ፕሮ በሚለው ገብታችሁ ጊዜውን ወደ 1/4 ሰከንድ አውርዱት፤ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፉ። አይፎን ከሆነ ላይቭ ፎቶ አንስታችሁ ሎንግ ኤክስፖዠር የሚለውን ብትመርጡ ራሱ ውሃውን ያለሰልስላችኋል።

በጠራራ ፀሐይ ጊዜውን ማርዘም ለሚፈልግ ኤንዲ ፊልተር የሚባል ጥቁር መስታወት አለ። ለካሜራ የፀሐይ መነጽር ብትሉት ያስኬዳል። በእኩለ ቀን በኤፍ 11 1/200 ሰከንድ የሚወስደው፣ ብርሃኑን 64 ጊዜ በሚቀንሰው ፊልተር አንድ ሦስተኛ ሰከንድ ይሆናል። ሺህ ጊዜ በሚቀንሰው አምስት ሰከንድ። አምስት ሰከንድ ለትንሽ ጅረት ይበዛል፤ ውሃው ጉም ይሆናል። ሌላው ፖላራይዘር ነው። እርጥብ ቅጠልና ድንጋይ ላይ ያለውን ብልጭታ ይገፍፋል። አረንጓዴው ይከብዳል፣ ያምራል። የሚያጋጥም ችግርም አለ። ቀስተ ደመና ካለ ፊልተሩን ስታዞሩት ሊያጠፋው ይችላል፤ መልሳችሁ ስታዞሩት ከበፊቱ ደምቆ ይመጣል። ሳታዩ አትጫኑ። ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ካላችሁ ስልካችሁ ፊት ይዛችሁ አዙሩት፤ ያው ሥራ ይሠራል።

ቀስተ ደመናውን ስለጠቀስኩ፦ የሚታየው ፀሐይ ከጀርባችሁ ሆና ጢሱ ከፊታችሁ ሲሆን ነው። ከራሳችሁ ጥላ ዙሪያ 42 ዲግሪ ላይ ይቆማል። ፀሐይ ከዚያ ከፍ ካለች ሜዳ ላይ የቆመ ሰው አያየውም። በመስከረም መጨረሻ ባሕር ዳር አካባቢ ፀሐይ ይህን ከፍታ የምታልፈው ጠዋት ሦስት ሰዓት ግድም ነው። ከፏፏቴው ማዶ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሆኖ ቁልቁል ጢሱን የሚያይ ሰው ግን ከዚያም በኋላ ያገኘዋል። ከእግሩ በታች ማለት ነው።

የጠዋቱ ወርቃማ ብርሃን እኛ ዘንድ አጭር መሆኑንም እወቁት። አውሮፓ ውስጥ ፀሐይ ሰያፍ ይዛ ቀስ ብላ ትወጣለች። ጎጃም ለምድር ወገብ ስለሚቀርብ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል። ሞቅ ያለው ብርሃን ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ቢቆይ ነው። ቁርስ በልታችሁ አትደርሱበትም። ከሰዓት ደግሞ ደመናው ይሰበሰባል፣ መስከረም ላይ ዶፍ ሊጥል ይችላል። ደመናውን አትጥሉት። ፀሐይን የሸፈነ ስስ ደመና ለፏፏቴ ከሁሉ የተሻለ ብርሃን ነው። ነጩ ውሃ አይቃጠልም፣ ገደሉ ሥር ያለው ጥላም አይጠቁርም።

ቢጫው ራሱ መከራ አለው። አደይ አበባ ፎቶ ላይ ብዙ ጊዜ ቢጫ ነጥብ ሆኖ ይቀራል፤ የቅጠሉ ስንጥር፣ የመሐሉ ደቃቅ አበባ አይታይም። ካሜራ ቢጫን የሚሠራው ከቀይና ከአረንጓዴ ነው። ደማቅ ቢጫ ላይ እነዚህ ሁለቱ ሞልተው ይፈስሳሉ፣ ሰማያዊው ባዶ ይሆናል። ፎቶው በጠቅላላው ደህና ቢመስልም አበባው ተቃጥሏል። ብርሃኑን ትንሽ ቀንሱት። ስልክ ላይ አበባውን ነክታችሁ የፀሐይ ምልክቷን ወደ ታች ጎተት አድርጉ። የጨለመውን ፎቶ ቤት ገብታችሁ ታበሩታላችሁ፤ የተቃጠለውን ማንም አይመልሰውም።

ቢጫ ሁሉ አደይ አበባም አይደለም። ይህን ስናገር ያገሬ ሰው ይስቃል፣ ከከተማ የሚመጣው ግን ይሳሳታል። ሰፊ ማሳ ሞልቶ፣ ቁመቱ ተስተካክሎ የምታዩት ቢጫ ኑግ ነው። ተዘርቶ፣ ታርሞ፣ ለዘይት የሚጠበቅ እህል ነው። በየእህሉ መሐል ሳይዘሩት የሚበቅለው መጭ ነው። አደይ አበባ የሚወደው የማሳ ድንበር፣ ድንጋያማ ተዳፋት፣ የገደል ጫፍ ነው። ልዩነቱ ለፎቶ ብቻ አይደለም። ኑግ ውስጥ ገብቶ ለሰልፊ መተኛት የሰው እህል መርገጥ ነው። አደይ አበባውም ቢሆን ዘሩን ሳያራግፍ ከተረገጠ ለከርሞ የሚበቅለው ይቀንሳል። ንቡም የሚቀስመው ከሱና ከኑጉ ነው፤ የጥቅምትና የኅዳር ማር የሚመጣው ከዚያ ነው።

ሰማያዊ የምትፈልጉ ተልባን አትርሱ። ግን አበባው ጠዋት ተከፍቶ ከሰዓት ቅጠሉን ያራግፋል። በጠዋት ያያችሁትን ማሳ ስትመለሱ አነሳዋለሁ ብላችሁ ከሆነ ባዶ አረንጓዴ ነው የሚጠብቃችሁ። ከፍ ብላችሁ ጮቄ ላይ ከወጣችሁ ዓለሙ ሌላ ነው። ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ አለ፣ ችቦ መስሎ ዘንግ ላይ የሚያብብ ብርቱካንማ አበባ አለ፣ ጅብራም አለ። ጅብራ ለዓመታት ያድግና አንዴ ብቻ አብቦ ይሞታል። ያበበ ጅብራ ካጋጠማችሁ ቸኩላችሁ አትለፉት።

ስለ ጢስ አባይ የራሴን አቋም ልናገር። በረጅም ጊዜ ማለስለሱን አልወደውም። መስከረም ላይ የሚወርደው ውሃ ድፍርስ ነው፤ አፈር ይዟል። በግማሽ ሰከንድ ስታነሱት የሻይ ወተት የፈሰሰ ይመስላል። ከዚያም በላይ ያ ውሃ ድምፁ ከሩቅ ደረት ይመታል። ለስላሳ አድርጎ ማሳየት ኃይሉን መውሰድ ነው። በ1/500 ወይም በ1/1000 አድርቃችሁ አንሱት። ፍንጣሪው ይታይ። መጠኑ እንዲታወቅም ማዶ የቆመ ሰው ጥግ ላይ ይግባ። ሐሩን ለትንንሾቹ ጅረቶች፣ ለአዊዎቹ የፋንግና የዶንዶር ፏፏቴዎች ተዉላቸው።

ጢሱ ሌንስ ላይ ሲያርፍ ፎቶው ሁሉ ይጠፋል። ስክሪኑ ትንሽ ስለሆነ እዚያው አይታወቅም። በየአምስቱ ፎቶ አንዴ ሌንሱን ተመልከቱ። ጃንጥላ የሚይዝላችሁ ሰው ይኑር። ሌንስ በነጠላ ጫፍ አትጥረጉ፤ የተጣበቀ አሸዋ ካለ ይፍቀዋል። መጀመሪያ እፍ በሉበት፣ ከዚያ የመነጽር ጨርቅ። እርጥብ ድንጋይ ላይ ደግሞ አትመኑ። አረንጓዴ የለበሰ ድንጋይ ሳሙና ነው።

ሰው ያለበት ቦታ ስትደርሱ ካሜራው ከሰላምታ በኋላ ይውጣ። ግሽ አባይ የፎቶ ቦታ ከመሆኑ በፊት ጸበል ነው። የሚጠመቁ ሰዎችን አታንሱ። ማሳ ዳር ስታልፉ «እንደምን አደሩ፣ በድንበሩ ልለፍ?» ማለት በቂ ነው። እምቢ ያለኝ የለም።

ቡሬ ያነሳሁትን ፎቶ አሳጥቤ በጥር ወሰድኩላቸው። ገበሬው በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ ብርሃን ዞሩ። ውሃውን አለፉት። አበባውንም አለፉት። ጣታቸው ላይኛው ጥግ ላይ፣ ስስ ቢጫ ሰረዝ ላይ ቆመ።

«ይሄ የኔ ኑግ ነው» አሉ። «ዘንድሮ ደህና ይዞልኝ ነበር።»